ወንድሜ ነው ያለችው ድምፅ

ልዩ ችሎታ ላላቸው ሰዎች በሚሰጠው ቪዛ ለማመልከት ስነሳ፣ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ታዋቂ መሆኔን በማስረጃ እንዳሳይ ነበር። እኔ ታዋቂ! ካርቱም ውስጥ የሚያውቁኝ ሳጃና ሰፈር ባሉት የሐበሻ ቤቶች የሚያመሹ ደንበኞች ናቸው፤ እነሱም ክራሬን እንጂ መልኬን የሚለዩት አይመስለኝም። ግን አንድ ጊዜ፣ በዒድ ፕሮግራም ላይ፣ በቴሌቪዥን ቀርቤ ተጫውቻለሁ። ያ ቅጂ ከተገኘ ተስፋ አለኝ፤ ካልተገኘ ማመልከቻዬ ባዶ ወረቀት ነው።

ጣቢያው ቅጂውን አላስቀመጥንም አለኝ። ከዚያ በኋላ ሳጃና ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ "ያን ፕሮግራም የቀረጸ ሰው አለ?" እያልኩ መለመን ያዝኩ። ታዋቂ ሰው እንዲህ ሲለምን አይቼ አላውቅም።

በሰው በሰው አንዲት የወሎ ልጅ ተገኘች። እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ናት፤ ፕሮግራሙን ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልኳ ቀርጻዋለች። ደወልኩላት። "እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ እንዳታጠፊብኝ" አልኳት። እህት የሌለኝ ሰው በዚያ ስልክ ስንቴ እህቴ እንዳልኳት አላውቅም።

የማስረጃዎቼ ተርጓሚ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ። የቀረጸችው ራሷ ስልኳን ይዛ ትምጣ፣ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ይተረጎማል አሉ። እሷም ለእመቤቷ ሶባ ሆስፒታል ልታከም ነው ብላ አስፈቅዳ መጣች። ጠረጴዛው ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ቪዲዮው ተከፈተ። እኔ ክራር እመታለሁ፤ ከክራሩ በላይ የሚሰማው ግን የእሷ እልልታ ነው። "ዳ አኹይ! ዳ አኹይ!" ትላለች በዐረብኛ፤ ወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው። ወዲያው የእመቤቷ ድምፅ ገባ፤ "ያ ቢት፣ ኸላስ! አንቺ ልጅ፣ በቃ! ወንድምሽ ከሆነ እሱ መጥቶ ሳህኑን ይጠብልሽ!" ምስሉ ተንቀጠቀጠና ጣሪያው ታየ። ልጅቷ አጠገቤ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች።

ሽማግሌው መጻፋቸውን አቁመው "እህትህ ናት?" አሉኝ።

ማመልከቻው ላይ እህት የለኝም ብዬ ሞልቻለሁ። ቢሆንም "ያገሬ ልጅ ናት" ማለት ይበቃ ነበር። ግን ሰውዬው አንዴ የእሷን ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ አንዴ የእኔን ክራቫት ሲያዩ አየሁና አፈርኩባት። አዎ፣ አፈርኩባት።

"ላ፣ ላ። አላውቃትም" አልኩ።

ዐረብኛ ከእኔ ይልቅ እሷ ትችላለች። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። "አይዋ ያ ሐጅ፣ አያውቀኝም" አለቻቸው ቀስ ብላ። "በቴሌቪዥን ነው ያየሁት።"

ውጭ፣ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ ሳሳፍራት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ሪክሻው ተነሳ። "ይቅናህ ወንድሜ፣ ኢንሻአላህ" አለችኝ፣ እጇን እያውለበለበች።

ትርጉሙ ማኅተም ተመትቶበት ደረሰኝ። "የሴት ድምፅ፦ ወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው" ይላል። ከሥሩ ሽማግሌው የራሳቸውን ማስታወሻ አክለዋል፤ ተናጋሪዋ ከአመልካቹ ጋር ዝምድናም ትውውቅም የላትም። ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ከሌሎቹ ማስረጃዎች ጋር አያይዤ አስገባሁት።