የለካችውን ሰው ታልብስ

ሆሳዕና ውስጥ አንድ ኮሌጅ የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ነኝ። ጓደኛዬም እንደዚያው። አብረን ሠልጥነን፣ አብረን ተቀጥረን፣ እስክናገባ ድረስ አንድ ክፍል ተከራይተን ኖረናል። ቸርችም የምንዘምረው ጎን ለጎን ቆመን ነበር። እናቴ ስትታመም ከእህቶቼ እኩል ተራ ገብታ አስታምማታለች። "ጓደኛዬ" ስላት ይህን ሁሉ ማለቴ ነው።

የክፍላችን ሥርዓተ ትምህርት ይከለስ ሲባል ዲኑ ሁለታችንን መደበን። አንዲት ሠልጣኝ ተመርቃ ስትወጣ ምን መሥራት መቻል አለባት፣ መቻሏስ በምን ይታወቃል፤ ሥራችን ይህን መጻፍ ነበር። ቁጭ ብለን ከመፈልሰፍ ሠልጣኞቻችንን የሚቀጥሩትን ሰዎች እንጠይቅ ብለን ዱራሜ፣ ዳምቦያና ሾኔ ሄድን። የሁሉም እሮሮ አንድ ነበር። ሾኔ ያነጋገርናት የስፌት ቤት ባለቤት፣ "የላካችሁልኝ ልጅ ስለ ልክ አወሳሰድ ስታወራ ደስ ትላለች፤ በይ ቁረጪ ስላት ግን ጨርቁን ታበላሽብኛለች" አለችን።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጓደኛዬ ድንገት፣ "በቃ፣ የለካችውን ሰው ታልብስ!" አለች። "ከሰው ላይ ልክ ትውሰድ፣ ትቁረጥ፣ ትስፋ፣ ከዚያ ያንኑ ሰው ታልብስ። ልኩ ከሆነ ብቁ ናት፤ ካልሆነ አይደለችም።"

በደስታ ጭኗን ቸብ አደረግኳት። መስፈርቱን በሷው ቃል ጻፍነው።

ረቂቁ በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። መድረክ ላይ የተቀመጡ አንድ ኃላፊ፣ "የዘንድሮ ሠልጣኞቻችሁ በዚህ ቢመዘኑ ስንቶቹ ያልፋሉ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"ብዙዎቹ ይወድቃሉ" አልኩ። "ለዚህ ነው አሠለጣጠናችን መለወጥ ያለበት።"

ፊታቸው ተለወጠ። "ሰው የሚጥል መስፈርት ጽፋችሁ የኮሌጁን ስም ልታጠፉ ነው? ሁለታችሁም ተስማምታችሁበታል?"

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ማይኩን ተቀበለችኝ። "እውነት ለመናገር የሷ ሐሳብ ነው" አለች፣ ሳታየኝ። "እኔ መጀመሪያም ይከብዳል ብያት ነበር።"

ሚኒባስ ውስጥ ያለችውን ላወጣው ፈለግኩ። ግን ማን ያምነኛል? ያለችኝ ምስክር እሷው ነበረች።

ለሻይ ስንወጣ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና በሀዲይሳ፣ "አትቀየሚኝ፤ ሰውዬው ተቆጥተው ነበር እኮ። ሁለታችንም ከምንመታ ብዬ ነው" አለችኝ። እናቴ አልጋ አጠገብ ተንበርክከን የጸለይነው በዚያ ቋንቋ ነው። በአማርኛ ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ክንዴን አስለቅቄ ሄድኩ።

መስፈርቱ "የስፌትን ቅደም ተከተል ታስረዳለች" በሚል ተተካ። ብዙም ሳይቆይ እሷ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ሹመቱን ቀድማ ታውቅ ነበር? ጠይቄያት አላውቅም። አውቅ ነበር ብትለኝ ምን እንደምሆን ስለማላውቅ ይሆናል።

እኔ አሁንም ሠልጣኞቼን አስለካለሁ፣ አስቆርጣለሁ። በቀደም አንዷ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ምዘና ላይ ይመጣል?" አለችኝ። "አይመጣም" አልኳት። ሜትሩን ጠቅልላ አስቀመጠች። አልፈረድኩባትም።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊዬ ቢሮዋ አስጠራችኝ። የሥራ ጉዳይ ጨርሰን ልወጣ ስል፣ "አንቺ ግን ያንን ነገር እስካሁን አልረሳሽውም እንዴ?" አለችኝ።

"አልረሳሁትም።"

የምቀልድ መስሏት ሳቀች።