ለወንድሜ የተገዙ ዕቃዎች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ናይሮቢ፣ ቢያሻራ ጎዳና ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ የብርድ ልብስ ሱቅ ውስጥ ገባሁ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። ሻጩ ለሌላ ደንበኛ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጥቅል አውርዶ ፕላስቲኩን ሲቀደው፣ የአዲስ ሱፍና የናፍታሊን ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። በር አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሻጩ በስዋሂሊ «ማማ፣ ውሃ ላምጣልሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።

ወዳጄ፣ አንቺ አንድ ጊዜ «ለምንድን ነው ሁሉን ነገር በመጨረሻው ቀን የምትገዢው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ስቄ አልፌሽ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ለልጆቼ እንኳ ደብተር የምገዛው ትምህርት ቤት ሊከፈት ዋዜማው ላይ ነበር። ያኔ ያልመለስኩልሽን አሁን ልንገርሽ።

ናይሮቢ ስንገባ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። የምንጸልይባት ቤተ ክርስቲያን በደርግ ከታሸገች፣ እሱም ሁለት ጊዜ ታስሮ ከተፈታ በኋላ ሦስተኛውን መጠበቅ አልፈለገም። ለሠርግ የምንሄድ መስለን፣ በእህል መኪና ሞያሌ ደርሰን በእግር ተሻገርን። ሦስት ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። ወንድሜ አክስቴ ቤት ቀረ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ አራት ወር ነበር የቀረው፤ ደግሞም ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ከጠፋ ቀበሌው ወዲያው ይነቃል ተባለ። «ፈተናውን ጨርሶ ይከተለናል» አለ አባቴ።

ሳውዝ ሲ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር ከአንድ ግቢ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየን። አባቴ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘ። ሒሳብ ያስተማረበት እጁ ማታ ማታ ግሪስ ይሸት ነበር። እናቴ ቤት ውስጥ በተከራየችው ማሽን ለአንድ ነጋዴ የተማሪ ሹራብ ትሠራለች። ማሽኑ ሲሄድ ሲመለስ የሚያሰማው ሽርር የሚል ድምፅ አሁንም አንዳንዴ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከግቢው በር ጀምሮ ይሰማኛል፤ ከሆነ ጊዜ በኋላ የቤታችን ሰላምታ እሱ ሆነ።

ወንድሜ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈ። እዚህ የምንጸልይባት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሯሩጠው ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኮሌጅ ቦታ አገኙለት። ደብዳቤው የመጣው በጥር ነው፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በመስከረም። ከደብዳቤው ጋር ተማሪው ይዞት የሚመጣውን ዕቃ የሚዘረዝር አንድ ወረቀት ነበረበት። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ሳህን፣ ኩባያ፣ የጠረጴዛ መብራት፣ ጓጉንቸር ያለው የቆርቆሮ ሳጥን። አባቴ ወረቀቱን በማሽኑ ትይዩ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ወንድሜ በክረምት አጋማሽ በእኛው መንገድ እንዲመጣ ከአንድ ሾፌር ጋር ንግግር ተጀምሮ ነበር።

ገና ስምንት ወር ነበር የቀረው። እነሱ ግን በዚያው ቅዳሜ መግዛት ጀመሩ።

ልጅ ነበርኩና ችኮላው አልገባኝም። አሁን ሳስበው፣ ለእሱ ሊያደርጉለት የሚችሉት ሌላ ነገር አልነበረም። ምግቡን ማቅረብ አይችሉም፣ ሲታመም ግንባሩን መዳሰስ አይችሉም። አንሶላ ግን መግዛት ይችላሉ።

በየቅዳሜው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ከተማ እንወጣ ነበር። እናቴ ብርድ ልብስ በእጇ መዳፍ ብቻ ሳይሆን በጉንጯም ነበር የምትፈትነው። ሻጮቹ ይስቁባታል፤ ግድ አልነበራትም። ቡናማ፣ ጥቁር መስመር ያለው መረጠች። «ወንድ ልጅ ነው፣ ቆሻሻ የማያሳይ ይሻላል» አለች። ሳጥኑን ጊኮምባ ገበያ ዳር ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ሠሩልን። አባቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ማጠፊያውን አስጠበቀ። ሠሪው መጨረሻ ላይ እንደ አባት አክብሮ «ምዜ፣ ይህ ሳጥን ካንተም ከእኔም በላይ ይኖራል» አለው። አባቴ ደስ አለው።

ችግሩ ልኩ ነበር። ወንድሜን ካየነው ከዓመት በላይ ሆኖናል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ወንድ ልጅ በየወሩ ይረዝማል። አክስቴ በሰው እጅ የላከችው አንድ ፎቶ ነበር፤ በሯ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አባቴ ማስመሪያ ይዞ ፎቶው ላይ አቀረቀረ።

«የእህቴ በር ሁለት ሜትር ነው፤ እኔው ነኝ ያሠራሁት» አለ። «ፎቶው ላይ በሩ ስምንት ሳንቲም ነው። እሱ ሰባት ከሁለት።»

«እና?» አለች እናቴ።

«አንድ ሜትር ከሰማንያ። በልጦኛል።»

እናቴ ፎቶውን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ጫማውስ ስንት ይሆናል?»

«አርባ ሁለት።»

«በዚህ ቁመት? አርባ ሦስት ነው» አለች፤ አርባ ሦስት ቁጥር ነጠላ ጫማ ተገዛ።

ሹራቡን ራሷ ሠራችው፤ ጥቁር ሰማያዊ። የሚለካበት ሰው አልነበረምና በርጩማ ላይ አቆመችኝ። «እጅሽን ዘርጊ» ትለኛለች። እዘረጋለሁ። ከእጄ ጫፍ በላይ አየር ላይ በጣቷ አንድ ስንዝር ትጨምርና «እዚህ ድረስ ይደርሳል» ትላለች። እኔን እያየች አልነበረም። ከእኔ ወዲያ የሚተርፈውን ነበር የምታየው።

ዕቃው ሁሉ በእኔ አልጋ ሥር ገባ፤ ሌላ ቦታ አልነበረንም። እናቴ ሳጥኑ ውስጥ ናፍታሊን በተነች። ሽታው በፍራሹ አልፎ እኔን፣ ደብተሬን፣ ዩኒፎርሜን ሁሉ ያዘ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ወንበሯን ፈቀቅ አደረገች።

አንድ ዓርብ ተርም የሚሉት የትምህርት ወቅት ተዘግቶ የውጤት ሪፖርት ተሰጠን። በመጣሁ ጊዜ እንግሊዝኛም ስዋሂሊም የማላውቅ ልጅ፣ ከአርባ ተማሪ ሁለተኛ ወጣሁ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሮጥኩ። ከግቢው በር ላይ የማሽኑ ድምፅ የለም። በሩ ተቆልፏል። ደረጃው ላይ ሪፖርቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የጎረቤታችን የሶማሌዋ ሴትዮ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ከማዶ መስጊድ አዛን ይሰማል፤ ፀሐይዋ ከደረጃው ላይ እየለቀቀች ሄደች። እነሱ ሲመጡ አባቴ ሰማያዊ ባልዲ ከፍ አድርጎ ከሩቅ አሳየኝ። «ክዳን አለው» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «ክዳን ያለው ፍለጋ ከተማውን አዳረስነው።»

«ጥሩ ነው» አልኩት። ሪፖርቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ዕለት አባቴ አግኝቶት ፈረመበት፤ «ጎበዝ» ብሎም ራሴን ዳበሰኝ። ግን ሰኞ ዓርብን አይሆንም።

በነሐሴ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ያለው የአገራችን ሰው ቤታችን መጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደብዳቤ በእሱ እጅ ነበር የሚያልፈው። ሁልጊዜ ሻይ ጠጥቶ፣ ተጫውቶ ነበር የሚሄደው፤ ያን ዕለት አልተቀመጠም። «ጋሼ፣ ይህን ላድርስ ብዬ ነው» ብሎ ፖስታውን ለአባቴ ሰጠውና ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

ደብዳቤ እየተከፈተ ስለሚነበብ አክስቴ በሽፍን ነበር የምትጽፈው። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ለመኸር ሥራ ወደ ሰሜን ሄዷል። ድንገት ስለሆነ ልብስ እንኳ አልያዘም።»

«የምን መኸር?» አለች እናቴ። «በነሐሴ የምን መኸር አለ?»

ሰውየው ወደ መሬት እያየ፣ «ብሔራዊ ውትድርና ነው፣ እትዬ» አላት። «በእሱ ቀበሌ ያልተወሰደ ልጅ የለም አሉ።»

እናቴ ተነሥታ ወደ ማሽኑ ሄደች። ተቀመጠች እንጂ አላንቀሳቀሰችውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። «ትራሱን አልገዛንም» አለች። አባቴ አያት፤ ከዚያ ኮቱን አነሣ። ሦስታችንም ሄድን። ሁለት ትራሶች አማርጣ ጠንከር ያለውን ወሰደች። በማታቱ ስንመለስ ጭኗ ላይ አስቀምጣው በሁለት እጇ አቅፋው ነበር። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነበርን፤ ትራሱ በመካከላችን።

አባቴ ኮሌጁ ድረስ ሄዶ ቦታው እንዲጠበቅለት ለመነ። አንድ ዓመት ጠበቁለት። በሁለተኛው መስከረም ደግሞ ሄደ። ሲመለስ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አነሣ። ቀለሙ የለቀቀው ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀረ። እናቴ ቀና ስትል የምታየው እሱን ነበር።

ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የደረሰን፤ ከማሠልጠኛ የጻፈው። ደህና እንደሆነ፣ ክብደት እንደጨመረ፣ እኔ በሒሳብ እንዳልሰንፍ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅነው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አብሮት የነበረ አንድ ወታደር በሞያሌ አልፎ ናይሮቢ መጥቶ ነገረን። በሁለተኛው ዓመት ሰሜን ውስጥ ወባ ይዞት፣ መድኃኒት ሳይደርስለት አረፈ። አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ ቦታ ሊለምን የሄደ ዕለት ልጁ በሕይወት አልነበረም።

ይህን ሳናውቅ ነው የእኔ ቀን የደረሰው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ በቲካ መንገድ ከካሳራኒ ወዲያ ባለ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ገባሁ። የዕቃው ዝርዝር ከሞላ ጎደል ያው ነበር። እናቴ አነበበችውና «ሁሉም አለ» አለች። አልጋዬ ሥር ተንበርክካ ሳጥኑን ጎትታ አወጣች። ሹራቡን ብቻ አውጥታ ወደ ራሷ ቁም ሣጥን ወሰደችው። ሌላው ሁሉ ለእኔ ሆነ። ለእኔ የተገዛ አንድም ነገር አልነበረም፤ ልጠይቅም አልደፈርኩም። ምን ብዬ? ወንድሜ የት እንዳለ በማይታወቅበት አንሶላ ልምረጥ ልበል?

ሳጥኑን ማታቱ ጣሪያ ላይ አስረን ሦስታችንም ሄድን። ክፍሉ ሁለት አልጋ ነበረው። አንደኛው ላይ ከኪሱሙ ከተማ ለመጣች ልጅ እናቷ እያነጠፈችላት ነበር፤ አንሶላዋ ቢጫ አበባ ያለው፣ መጋረጃዋም በዚያው ጨርቅ የተሰፋ። ሴትዮዋ «ካሪቡ»፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ብላ እጃችንን ጨበጠች። እናቴ የእኔን ማንጠፍ ጀመረች። ቡናማውን ብርድ ልብስ ዘረጋች። ያን ጠንካራ ትራስ አስቀመጠች። ነጠላ ጫማውን አልጋው ሥር ስታደርገው ቆም አለች። የሌላዋን አልጋ አየች፤ የእኔን አየች። ከዚያ እግሬን አየች።

«ነይ» አለችኝ።

አባቴን ክፍሉ ውስጥ ትተን ወደ ግቢው በር ወረድን። በሩ አጠገብ አንዲት ኪዮስክ ነበረች። እናቴ ፊቷ ቆመች።

«ላንቺ ምን ልግዛልሽ?»

ጥያቄውን ስጠብቅ ብዙ ዓመት ሆኖኝ፣ ሲመጣ የምጠራው ነገር አልነበረኝም። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ዳቦ፣ ባትሪ ተደርድሯል።

«አንድ ነገር በይ እንጂ፣ ልጄ።»

«ማበጠሪያ» አልኩ።

ቀይ ማበጠሪያ ገዛችልኝ። ተመልሰን ስንገባ አባቴ ኮሪደር ላይ ከጽዳት ሠራተኛው ጋር ይጨዋወት ነበር። ልጅቷና እናቷ ለምሳ ወጥተዋል። እናቴ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ፣ እኔን ወለሉ ላይ በጉልበቶቿ መካከል አስቀመጠችኝ። ጸጉሬን ፈታችው። በማበጠሪያው ከሥሩ ሳይሆን ከጫፉ ጀመረች፣ እንዳያመኝ። እጇ ከማሽኑ የተነሣ ሻክሮ ነበር፤ አንገቴን ሲነካኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። በመስኮቱ የቲካ መንገድ መኪናዎች ድምፅ ይገባል። ሁለት ጊዜ ከፈለችው፣ ሁለት ጊዜ አፈረሰችው። ከዚያ እጇ ቆመ። ጸጉሬን ወደ ኋላ ለቃ እስከ ወገቤ ድረስ በእጇ ተከተለችው።

«መቼ ነው እንዲህ የረዘመው?» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር በቀስታ።

ከረዘመ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

«አሁን በቅርቡ ነው፣ እማዬ» አልኳት።