የአጋሮው ማር ቀማሽ

አጋሮ፣ የገበሬዎች ማር ማጣሪያ በር ላይ በርጩማ አስጠግተው የሚቀመጡትን ቀማሽ ስማቸውን የጠየቀ የለም። የካኪ ኮታቸው እጅጌ በማር ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ጢማቸው ላይ ንብ ብታርፍ እሽ አይሏትም። ትንሿን ጣታቸውን ገንቦ ውስጥ ነክረው ይልሱና ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ገበሬው ሁሉ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል። «የቀበሌ ስኳር አለበት፤ ወደ ቤትህ መልሰው!» ካሉ ይግባኝ የለም።

ትናንት ሚስታቸው የጓሯቸውን ማር በገንቦ አስይዘው ላኳቸው። እንደ ሰው ወረፋ ጠበቁ፤ ተራቸው ሲደርስ ዞረው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና የገዛ ማራቸውን ቀመሱ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቆዩ።

«የቀበሌ ስኳር አለበት!» ብለው ጮኹ። «ያ ረቢ! ስኳሩ አልቋል እየተባልኩ ሁለት ወር ሙሉ ቡናዬን በጨው የጠጣሁት ለካ ለዚህ ነው!»