ሻንጣውን የወሰደችብኝ ሴት

የበደለችኝ የመንደራችን የሴቶች ማህበር ሊቀመንበር ናት። ጊዜው ጤና ኬላውን በሠራን በሁለተኛው ዓመት፣ በበቆሎ እሸት ወቅት ነው። ስሟን አልጽፍም። ለእሷ ብዬ አይደለም። ልጆቿ ጂንካ ይኖራሉ፤ አንደኛዋ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ቆማ ሰላም ትለኛለች። ለዚያች ልጅ ብዬ ነው።

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ይህን ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። ከጂንካ በላይ ባለው ደጋ፣ በእኛ በአሪዎቹ መንደር፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ አንድ ወገን ነበር፤ ገበሬው ሌላ ወገን። እናቴ በሠራችው ማሰሮ ገበሬው ውሃ ይጠጣል፣ ጎደሬውን ይቀቅላል። እናቴ ግን የገበሬውን ደጃፍ አልፋ አትገባም። ከገባች ቤቱ ረክሷል ይባላል፤ ሽማግሌ ይጠራል፣ በግ ይታረዳል፣ ቤቱ ይነጻል። ስለዚህ ማሰሮዋን አጥሩ ሥር አስቀምጣ ትጣራለች፤ በለውጡ የሚሰጣትን በቆሎም እዚያው አጥር ሥር ታነሳለች።

አብዮቱ ሲመጣ ሁሉም ሰው እኩል ነው ተባለ። ስብሰባ ላይ ከገበሬዎቹ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ስብሰባው ሲያልቅ እነሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ እኛም ወደ ቤታችን። ለእኔ ከዚያ ሁሉ የተረፈኝ ፊደል ነው። በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተማርኩ፤ በመንደራችን ካሉት ሴቶች ቀድሜ ደብዳቤ ያነበብኩ እኔ ነበርኩ። ይህን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ የለም።

ጤና ኬላውን የሠራነው ራሳችን ነን። ከመንግሥት ያገኘነው ቆርቆሮና ሚስማር ነው። ወንዶቹ እንጨት ቆረጡ፤ ሴቶቹ እስከ ጉልበታችን ገብተን ጭቃ ረገጥን። ጭቃ ሲረገጥ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አልተጠየቀም። የመጀመሪያው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ጭዱ እንዳነሰ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሰሙኝም። ኬላው የተሠራው ሴቶች በምጥ ስለሚሞቱ ነው። ጂንካ ለመድረስ የግማሽ ቀን ቁልቁለት አለ፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ መንገድ የለም።

ኬላው ሲያልቅ ከጂንካ የመጣው የጤና ሰው ሁለት ሴቶች ለማዋለድ ሥልጠና ምረጡ አለን። የእኛን ነገር የሚያውቅ፣ እዚሁ የከረመ ሰው ነበር። «አንዷ ከሸክላ ሠሪዎቹ ትሁን» አለ። «አለዚያ እነዚያ ቤቶች ማንም ሳይደርስላቸው ይቀራሉ።» ከገበሬዎቹ እሷ ተመረጠች፤ ከእኛ እኔ።

ጂንካ አንድ ወር ቆየን። አንድ ፍራሽ ላይ ተኛን።

«አንቺ፣ ብርድ ልብሱን ብቻሽን ተጠቀለልሽበት እኮ! እኔን ባሌ ነው ብርድ ያስለመደኝ መሰለሽ?» እያለች ጠዋት ጠዋት ትስቅብኝ ነበር።

ሁለታችንም አውሮፕላን በቅርብ አይተን አናውቅም። ከከተማው መካከል ካለው ሜዳ ላይ ከብቶቹ ሲባረሩ አውሮፕላን ሊመጣ ነው ማለት ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሮጠን እናይ ነበር። አሠልጣኛችን የሴት ዳሌ ብላ የምታሳየን አንድ የተበሳ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ዝናብ መትቶት ሲበላሽ ከወንዙ ዳር ጭቃ አምጥቼ በሸክላ ሠራሁላት። ሊቀመንበሯ እጇን አስገብታ የጨርቁን ሕፃን እየሳበች «ወንድ ነው! ወንድ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቀን የተማርነውን ከራት በኋላ ከደብተሬ እያነበብኩ አስጠናኋት። ራት ከአንድ ሳህን በላን። መጀመሪያ ቀን እጄን ስሰበስብ፣

«ብዪ እንጂ እህቴ፣ እዚህ ማን ያየናል?» አለችኝ።

ያኔ ደስ አለኝ። ቃሉን ያሰብኩበት በኋላ ነው።

ስንመለስ ለሁለታችን አንድ ሻንጣ ተሰጠን። ሳሙና፣ ምላጭ፣ የእትብት ክር፣ ንጹሕ ጨርቅና የመላኪያ ወረቀት ነበረው። ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀቱ ነው። ምጥ ሲከብድ ወይም ደም አልቆም ሲል አዋላጇ ወረቀቱን ትሰጣለች፤ ወረቀቱን ያየ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ስምንት ጎበዞች እየተቀያየሩ በቃሬዛ እንዲያወርዱ ያዛል። ይህን ደንብ ያወጣነው ራሳችን በስብሰባ ነው። ያለ ወረቀት ማንም አይታዘዝም፤ በእርሻ ጊዜ ሰው እየተጠራ ተቸግሮ ስለነበር ነው። ሻንጣው በኬላው ተቀመጠ። እሷ የገበሬዎቹን፣ እኔ የሸክላ ሠሪዎቹን ቤት ያዝን። መዝገቡን ለሁለታችንም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እኛ ሰባት ቤት ብቻ ነበርን። ከዚያ በኋላ በነበረው ስድስት ወር ከሰባቱ ቤት የወለደች የለችም።

አንድ ቀን ሊቀመንበሯ ጂንካ ስብሰባ ላይ ሳለች የአንድ ገበሬ እናት አጥራችን ሥር ቆማ ጮኸች።

«አንቺ! ሻንጣውን ይዘሽ ነይ!»

«ማናት ያማጠችው?»

«ምራቴ ናት። ከትናንት ጀምሮ ነው።»

«እማዬ፣ ቤት ውስጥ እኮ መግባቴ ነው።»

«ግቢ አልኩሽ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው፣ አንቺ ስለ ደጃፍ ታወሪኛለሽ?»

ገባሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ የገበሬ ቤት ነው። ውስጡ ከእኛ ቤት ምንም አይለይም፤ የእናቴ ማሰሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እትብቱ የሕፃኗ አንገት ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ነበር። እንደተማርነው በጣቴ አላልቄ አወጣሁት። ሕፃኗ ጠቁራ ዝም አለች፤ ጀርባዋን በጨርቅ አሸት አሸት ሳደርጋት ጮኸች። አያቷ አለቀሰች፤ ውሃም በቅል ሰጠችኝ። ጠጥቼ ስወጣ ቅሉን ከአጥር ውጭ ወረወረችው። አየሁ። እንዳየሁም አውቃለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ሊቀመንበሯ መጣች። እንደ ሁልጊዜው ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

«እጅሽ ይባረክ እህቴ።»

«ልጅቷ ጠባች?»

«እንደ ጥጃ ነው የምትጠባው። ግን ሰው ማውራት ጀምሯል። ሽማግሌዎቹ ከሰሙ ቤቱ ይነጻ ይላሉ። ሲነጻ ካድሬው ከሰማ ደግሞ አድኃሪ ብሎ ባልየውን ያስረዋል። ልጅቷስ? ስታድግ ማን እጅ ላይ ነው የወደቅሽው ሲሏት?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መዝገቡ ላይ እኔ እንዳዋለድኳት አድርገሽ ጻፊ።»

«አንቺ ጂንካ ነበርሽ።»

«ለወረቀት ነው እኮ! የማን ሥራ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ጌታም ያውቃል። ሻንጣው እንደሆነ እስክንሞት የሁለታችን ነው።»

ጻፍኩ። በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት።

በእሸቱ ጊዜ አዲስ ተቆጣጣሪ በሞተር ሳይክል መጣ። የድሮው የጤና ሰው ተዛውሮ ነበር፤ ይኼኛው ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሴቶቹ በሙሉ ኬላው ደጅ ተቀምጠዋል፤ ያዋለድኳት እናትም ሕፃኗን ታጠባለች። ሰውየው መዝገቡን ገለጠ።

«ጓድ፣ ያንቺ ገጽ ባዶ ነው» አለኝ። «ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ሴት አላዋለድሽም?»

ሊቀመንበሯን አየኋት። እኔን ትታ ሻንጣውን ታያለች።

«እሷ እንኳን መጻፉን ነው የምትችለው» አለችው። «ከማዋለዱ ብዙም የለችበትም።»

«መንግሥት ሻንጣ የሚሰጠው ለምታዋልድ ነው» አለ ሰውየው። «ለጸሐፊ እስክሪብቶ ይበቃታል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ስሜን ሰረዘው። ቀጣዩ ሥልጠና ለእሷ ብቻ ሆነ፤ ሻንጣውም ከወረቀቱ ጋር በእሷ ስም ተፈርሞ ወደ ቤቷ ሄደ።

ለምን አልተናገርሽም የሚለኝ አለ። አፌን ከፍቼ ነበር። እናትየው ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ አየችኝ፤ ዘጋሁት። ብናገርስ ማን ያምነኛል? ጽሑፉ የእኔ ነው።

ስንበተን መንገድ ላይ ጠበቅኋት።

«የሁለታችን ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ምን ላድርግ፣ አፌ ላይ መጣ። ደግሞ ስትፈልጊ መጥተሽ ጠይቂኝ እንጂ፣ እኔ እከለክልሻለሁ?»

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሆንኩ። ወደ ኬላው የምሄድበት ምክንያት አልነበረኝም። ሴቶቹ ወንዝ ስንገናኝ «ጸሐፊዋ» ይሉኝ ጀመር። መንደር ውስጥ በጂንካ አብራኝ የሳቀች አንዲት ሴት ብቻ ነበረችኝ፤ እሷንም አጣሁ። ጭቃ እየለወስኩ ቀኑን ሙሉ ቃል ሳልናገር የምውልበት ጊዜ ነበር። እናቴ ምነው አትለኝም፤ አይታኝ ወደ ጭቃዋ ትመለሳለች።

በክረምቱ የወንድሜ ሚስት አማጠች። ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ ደሙ አልቆም አለ። ሆዷን አሸሁ፣ የተማርኩትን ሁሉ አደረግኩ፤ አልቆመም። ጎረቤታችን እንድታሻት አሳይቻት በዝናቡ ሮጬ ሊቀመንበሯ ቤት ሄድኩ። አጥሩ ሥር ቆሜ ጠራኋት።

«ወረቀቱን ስጪኝ። ደም እየፈሰሳት ነው።»

«ወረቀቱ በእኔ ፊርማ ነው» አለች ከደጃፏ። «የምሰጠው አይቼ ነው።»

«ነይና እያት።»

ድምፅዋን ቀንሳ «እዚያ ቤት?» አለች። «ባሌ ምን ይለኛል? እህቴ፣ አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ምላጭና ክር በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለችኝ። እትብቱን ከቆረጥኩ ቆይቷል። ጭቃው ላይ ጥዬው ተመለስኩ።

ያለ ወረቀት ስምንት ሰው አልታዘዘም። ወንድሜ፣ አባቴና አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በቆዳ ላይ አስተኝተው ተሸከሟት። እኔ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ከጎን ሄድኩ። የጂንካ ቆርቆሮዎች ሲታዩን ሞተች።

ለቀብሩ ሊቀመንበሯ መጣች። ከአጥሩ ውጭ ቆማ አለቀሰች። እንባዋ የውሸት አልነበረም። ይቅር እንዳልላት ያደረገኝ ያ ነው፤ እያወቀች፣ እያዘነች አደረገችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በጭነት መኪና ወደ ቀይ አፈር ከተማ ወረድኩ። ከአንድ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራየሁ። በገበያ ቀን ጨውና የቡና ገለባ ሸጥኩ፤ በሌላው ቀን አልዱባ ገበያ ሄድኩ። ሸክላ አልነካሁም። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ ዘመድ የለኝም አልኩ። ምጥ የያዛት ሴት ስትጠራኝ ሄድኩ፤ ቤት ገብቼ አዋለድኩ። አንድ ጊዜ እናቴ ማሰሮ ይዛ ቀይ አፈር ገበያ መጣች። ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሸጠች። ገበያው እስኪበተን ድረስ አላናገርኳትም።