ደረጃ ላይ ነበርን

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ፍርድ ቤት ውስጥ ስሜ ሲጠራ እኔ ገና ደረጃው አጋማሽ ላይ ነበርኩ።

«ከሳሽ ታምራት... ከሳሽ ምህረት...» ይላል ጠሪው ከላይ።

ከፊቴ ደረጃ፣ ከኋላዬ ምህረት። ሁለታችንም በክራንች ነው የምንሄደው።

ከመነሻው ልናገር። ዲላ ውስጥ የእግር ፍሬናቸው ወደ እጅ የተቀየረ ባጃጅ ከሚነዱት መካከል ነን። እኔ ሰው አመላልስበታለሁ። ምህረት መምህርት ናት፤ ትምህርት ቤት የምትሄደው በራሷ ባጃጅ ነው። አስፋልቱ ዳር ካሉት ሕንፃዎች አንዱ ግቢው ውስጥ የግል ፓርኪንግ አለው። ከግማሽ ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ጎማው በሰንሰለት ይታሰርና ቅጣት ሳይከፍል አይወጣም።

ኢንሹራንስ ላሳድስ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሊፍት የለም። ጉዳዬ ቶሎ ነው ያለቀው፤ ሰዓቱን የበላው ደረጃው ነው። ስወርድ ባጃጄ ታስሯል።

ጥበቃውን ለመንኩት።

«ወንድሜ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው። ሌላው ሰውም ይቀጣል እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ሌላውም ይቀጣል። ግን ሌላው መኪናው ሲታሰርበት እየተሳደበ በእግሩ ይሄዳል። የእኔ የታሰረው እግሬ ነው። ዝናብ እየዘነበ፣ የቅጣቱን ገንዘብ የሚያመጣልኝ ሰው እስኪደርስ እዚያው ባጃጄ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ምህረትም የፈተና ወረቀት ልታባዛ ገብታ ያው ደረሰባት። ማታ ደወለችልኝ።

«አንተ፣ ዝም ልንል ነው?»

ዝም አላልንም። ጠበቃ ስለሌለን ክሱን ራሳችን ጻፍን። የጠየቅነው ሰንሰለቱ እንዲቀርና ደረጃ ለሚከብደው ሰው ሰዓቱ በልኩ እንዲታይ ነው።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ከቀጠሯችን ቀደም ብለን ግቢው ውስጥ ነበርን። በመጥሪያው ላይ ችሎቱ ምድር ቤት ነው ይላል። የበሩ ጥበቃ ግን «ዛሬ ወደ ላይ ተዛውሯል» አለን። ተያየን። ምህረት መዝሙር እያንጎራጎረች ክራንቿን አነሳች፣ መውጣት ጀመርን።

አጋማሹ ላይ ስንደርስ ነው ስማችን የተጠራው። የችሎቱ በር ክፍት ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሾች ተጠርተው አልቀረቡም። መዝገቡ ይዘጋልን» አለ የሕንፃው ጠበቃ።

መዝገቡ ተዘጋ ማለት ሰንሰለቱ ይቀጥላል ማለት ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁ።

«አለን! እየመጣን ነው!»

ገብተን ስንቆም ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። ዳኛዋ ወጣት ናቸው፤ ከመነጽራቸው በላይ አዩን።

«ስትጠሩ የት ነበራችሁ?»

«ደረጃ ላይ ነበርን፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«በቀጠሮ ሰዓት መገኘት ግዴታችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

«እናውቃለን። ሰዓቱ ሳይደርስ ግቢው ውስጥ ነበርን። ችሎቱ ፎቅ ላይ ነው ከተባልን ጀምሮ ደረጃ ላይ ነን። ክሳችንም ይኸው ነው።»

ይህን ልል አስቤ አልመጣሁም።

ዳኛዋ ወደ ጠበቃው ዞሩ።

«ደንበኛዎ ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ከየት ነው?»

«ከበሩ፣ ክቡር ፍርድ ቤት... ተሽከርካሪው ከገባበት። ለሁሉም እኩል ነው።»

«ሰዓቱማ እኩል ነው፤ እግሩ ነው ያልተስተካከለው» አለች ምህረት ከጎኔ።

«ሳይፈቀድልሽ አትናገሪ» አሏት ዳኛዋ። ግን ጻፉ።

ፍርድ ገና አልተሰጠም። ትእዛዙ ግን ተሰጠ፦ ጉዳዩ እስኪወሰን አካል ጉዳተኛ የሚነዳው ተሽከርካሪ እዚያ ግቢ ውስጥ አይታሰርም። የሚቀጥለው ቀጠሮም ምድር ቤት ይሆናል።

መውረድ ጀመርን። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ እኔና ምህረት ከያዝነው ማንም አያልፈንም። እኔ ከፊት፣ ምህረት ከኋላዬ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ከችሎቱ አብሮን የወጣው የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ። በምህረት ራስ ላይ አሻግሮ ያናግረኛል።

«ወንድሜ፣ ለምን እንካሰሳለን? ከእንግዲህ አንተ በነፃ ቁም። ለጥበቃዎቹ እነግራቸዋለሁ።»

«ምህረትስ?»

«እሷም ትቁም። ምን ችግር አለው።»

«ከጨለለቅቱ ከተማ ባለ ሦስት እግር ሞተሩን ይዞ የሚመጣው እንደኛ ያለውስ?»

«እሱን... ሲመጣ እናየዋለን።»

«እንግዲያው ፍርድ ቤቱ ይየው።»

«ይሄ ግትርነት ነው እንግዲህ። በጎ ላድርግላችሁ ብዬ እኮ ነው።»

«በጎነትዎን አልናቅንም፣ ጋሼ» አለች ምህረት ሳትዞር። «እሱ ግን የእርስዎ ፈቃድ ነው። ነገ ሌላ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ አብሮ ይሄዳል።»

ክራንች፣ እግር... ክራንች፣ እግር... ከኋላችን እየቆመ ይከተላል። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ።

«አዎ፣ ጨርሰናል... እየመጣሁ ነው... አይ፣ ገና ደረጃ ላይ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ጊዜ ይወስዳል እኮ!»

ምህረት ክራንቿን አንድ ደረጃ አወረደችና ቆመች።

«ታሜ» አለችኝ፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ይህችን ቃል ለቀጠሯችን ያዝልኝ።»

ይዣታለሁ።