የአልቃሿ አንቀጽ

ክልሉ ሕገ መንግሥቱን ባሻሻለበት ሰሞን የአዘዞው እድራችን ሊቀመንበር ቀበሌ ተጠርተው በረቂቁ ላይ ሲወያዩ ዋሉ። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ክልል ያረጀ አንቀጽ ከሻረ እኛ ምን ሆነን ነው?» አሉና የእድሩን ደንብ የሚያሻሽል ኮሚቴ አቋቋሙ፤ እሳቸው፣ አንድ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታችን፣ አስተማሪ ስለሆንኩ ደግሞ በጸሐፊነት እኔ።

ደንቡ የተጻፈው በደርግ ጊዜ ነው። ለቀስተኛ ከሰዓት እላፊ በፊት ይበተን የሚለውን ያለ ክርክር ሻርነው። «ጓድ» የሚለውንም ከየገጹ ለቀምን። ቀጥሎ «ለቅሶ ቤት አልቃሽ መጥራት ክልክል ነው» የሚል መጣ። አንድም ቀን ተከብሮ አያውቅም። የሰፈሩ አልቃሽ አክስቴ ነበረች፤ እሷ ስትገጥም የእድሩ ሹማምንት ራሳቸው ደረታቸውን ይደቁ ነበር።

«የማይከበር ሕግ ይሻር!» አሉ ሊቀመንበሩ።

የምሥራች ልነግራት ሮጥኩ። ምስር እየለቀመች አገኘኋት።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ልትፈቀጂ ነው።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኳችሁ? ክልክል ስለሆንኩ እኮ ነው በጓሮ ሰው እየላኩ የሚለማመጡኝ። ከፈቀዳችሁኝማ እንደ ድንኳኑ የእድሩ ዕቃ ሆንኩ፤ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር መሮጥ፣ የቀረሁ ዕለት መቀጮ!»

እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ብድግ አለች። «አያ፣ እኛ የምናውቀው ደንብ ሲከበር ነው። አይነካብን» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ነጋዴው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «እኛ ቤት ለቅሶ አትገጥምም፤ ስለዚህ አላዳላም። ይቆይላት» አሉ። ከሊቀመንበሩ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም ክልከላው እንደጸና ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ የሊቀመንበሩ እናት አረፉ። ሊቀመንበሩ ገና ሳይነጋ፣ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ፣ በአክስቴ ጓሮ በኩል መጡ።

«እህቴ፣ እናቴን እንዲሁ ዝም ብለን እንሸኛት?»

«ክልክል ነው እኮ፣ አያ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እባክሽ።»

ከዚያ በላይ አላስለመነቻቸውም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለቻቸው። ያን ዕለት የገጠመችውን ያህል ገጥማ አታውቅም። እኒያ የሕግ ሰው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ስለ ደንቡ ትንፍሽ ያለ የለም።

ስንመለስ ድምጿ ተዘግቶ፣ «እንዴት ነበርኩ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሸጋ» አልኳት። እያለቀሰች ፈገግ አለች።