የአባቴ ግራ እግር

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሕይወት በአዲሷ መኪናዋ ከዘንዘልማ ወደ ግሽ አባይ ሰፈር ስትወስደኝ፣ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ እግሯ ላይ ቀረ። ቀኙ ይሠራል። ግራው ጫማውን አውልቆ እንደ እንግዳ ተቀምጧል።

«ይኼኛው እግርሽ ምነው ሥራ ፈታ?» አልኋት።

«ፍሪሲዮን የላትም እኮ እማማ፤ ማርሹን ራሷ ነው የምትቀይረው» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። አዲስ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ድካም ድካም ይላል። እኔን ግን የአባቴ ግራ እግር ትዝ ብሎኝ ነበር።

አባቴ በደርግ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር የፋብሪካ ሾፌር ነበሩ። የሚነዷት ትንሽ ሰማያዊ መኪና በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ይመስለኛል። ፖስታ ታመላልሳለች፣ የታመመ ሠራተኛ ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይገፋታል። ከአባቴ በቀር የሚነዳት ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ይወስዷትና ጎማዋ እስኪዋጥ ድረስ ውኃው ውስጥ አስገብተው ያጥቧታል። ያን ጊዜ የከተማው ሾፌር ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ጨርቅ አቀብላለሁ። ስንጨርስ ዳር ላይ ቁጭ ብለን ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ እንበላለን። የእርጥብ ደንገል ሽታና የቤንዚን ሽታ እስከ ዛሬ አብረው ነው የሚመጡብኝ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ያወቅሁትን አገር ያወቅሁት ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ በመስኮት ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አባቴ ማነከስ ጀመሩ። ማታ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። ማርሹ እምቢ እያላቸው መንገድ መሐል መቆም አመጡ፤ አንድ ቀንማ ገበያ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶባቸው ሰው ሳቀባቸው። የስምሪቱ ኃላፊ ጓድ መስፍን ክፉ ሰው አልነበረም። ቤታችን ድረስ መጣ።

«ጋሽ አለባቸው፣ እግርዎ ደክሟል» አላቸው። «ከጥምቀት በኋላ ቁልፉን ያስረክቡና በር ላይ ይቀመጡ። ጥበቃም እኮ ሥራ ነው።»

የዚያን ዕለት የአባቴ ራት ሳይነካ ተመለሰ። ሰፈሩ ቤታችንን ሲጠቁም «የሾፌሩ ቤት» ነበር የሚለው። እኔም እንደ ሞኝ «እንግዲህ ቅዳሜ ምን ልንሆን ነው?» እያልሁ አስብ ነበር።

እናቴ ግን መድኃኒቱን ታውቀው ነበር። «መኪናዎን በየሳምንቱ ያጥባሉ፤ እግርዎን አንድ ቀን እንኳ ጠበል አላስነኩትም!» ብላ ተነሣች። ኅዳር ነበርና ሐይቁ ረግቷል። በታንኳ ተሻግረን አንዲት ደሴት ላይ ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከባሕሩ ዳር እስከ ቅጥሩ ድረስ ድንጋያማ ዳገት ነው። አባቴ በቡናው ዛፍ መሐል ቀድመውን ወጡ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ!» አለች እናቴ እያለከለከች፤ «በሽተኛው ማነው?»

የሚያጠምቁት አባ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ነበሩ። «መቼ መቼ ነው የሚያምዎት?» አሏቸው።

«ፍሪሲዮን ስረግጥ፣ አባ።»

አባ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መኪና ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጥ ነው» አልሁ።

«እንዲያ ነው? ዳገቱን ሲወጡስ አመመዎት?»

«ዳገቱንማ ምን አለው!» አሉ አባቴ።

አባ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና አጠመቋቸው።

ማታ እንደ ልማዴ እግራቸውን በቅቤ ሳሸው የአባ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ሁለቱን ባቶች በሁለት እጄ ያዝኋቸው። ግራው ከቀኙ ወፍሯል፤ እንደ አራሽ ክንድ ጠጥሯል። የታመመ እግር ሲከሳ ነው የማውቀው፤ ይኼ ከመጠን በላይ የሠራ እግር ነው።

«አባዬ፣ በቅርቡ የሌላ መኪና ፍሪሲዮን ረግጠዋል?»

«ምን ሆኜ? የራሴ እያለችልኝ!»

«እንዲያው ቢሞክሩት።»

«እንዲያው ተብሎ አይረገጥም» ብለው ዞሩ። በማግስቱ ግን ጋራዥ ሲሄዱ ተከተዪኝ አሉኝ።

ጋራዡ ውስጥ ለጥገና የገባች ሌላ ትንሽ መኪና ቆማለች። አባቴ ገብተው ረገጡ። ፔዳሉ ለጋ ቅቤ እንደነካ ጣት ስምጥ አለ። ደግመው ረገጡ። ከዚያ ሳያጣሩ የተቆጡት ልጅ ይመስል ግራ እግራቸውን ቁልቁል አዩት።

መካኒኩ አያሌው የእኛዋን ረገጠ። «ኧረ ጋሼ! ይችን ነው ሲረግጡ የከረሙት? ይቺስ ጥማድ በሬ ያስፈልጋታል!»

ከሥር ገባና ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ሽቦ ጫፉን ፈታው። ሽቦው ሲለይ ፔዳሉ በአንድ ጣት ወረደ። «ፔዳሉ ጤነኛ ነው» አለና የሽቦውን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። «እስቲ አንቺ ሳቢ።» ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ የሚያልፈው ልክ እንደ ሱሪ ማሰሪያ ነው። በሁለት እጄ ሳብሁት፤ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልመጣም። በመከራ ሲወጣ የተገመደበት ክር ተሰባብሮ እንደ እሾህ ቆሟል፤ ቡናማ የዝገት ውኃ ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ። የሐይቁ ሽታ ነበረው።

«ውኃ ነው የበላው» አለ አያሌው። «ሐይቅ ውስጥ ነው እንዴ የሚያጥቧት?»

አባቴና እኔ ተያየን። ያን ያህል ስንሞሽራት ከርመን ያበላሸናት እኛው ነን። ፔዳሉ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየጠነከረ ስለሄደ፣ እሳቸው የከበደውን ነገር ሳይሆን የደከመውን እግር ነበር የሚያዩት።

አያሌው ሌላ ሽቦ ግሪስ ቀብቶ አስገባላቸው። በማግስቱ አባቴ ጓድ መስፍንን ከጎናቸው አስቀምጠው ያንኑ ገበያ አንድም ጊዜ ሳያቆሙ አለፉ። ሰውዬው ሲወርድ «ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ይቆይ» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋን ደረቅ ላይ አቁመን በባልዲ ነው ያጠብናት። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ጠበሉ ነው ያሻረው» ትል ነበር፤ እኔም አልተከራከርኋት። አባ ስለ ዳገቱ ባይጠይቁ ማን ይጠይቅ ነበር?

ግሽ አባይ ደርሰን ሕይወት ሞተሩን አጠፋችና መሪው ላይ ግንባሯን ደገፍ አደረገች። «አዲሱ ሥራ አልሆነልኝም እማማ። ሰው ሁሉ ይችላል፤ እኔ ነኝ መሰለኝ ደካማ የሆንኩት። ልተወው ነው።»

ድሮ ቢሆን ጠበል ሂጂ እላት ነበር። አሁንም እላታለሁ። መጀመሪያ ግን፣ «ዳገት ስትወጪስ ይደክምሻል?» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ልክ እንደዚያ ቀን እንደ አባ፣ ግራ ገብቷት። እኔም ከመኪናው ሳልወርድ የአባቴን እግር ነገር ከመጀመሪያው ጀመርሁላት።